ቁጥር የሌለው ጉብታ

ቀያሽ ነበርኩ ያኔ፣ ችካልና ቀላድ ተሸክሜ ኗሪ፣
ለማንም ያልወገንኩ፣ ክንድ በክንድ ቆጣሪ።
ቄሳሩ በወደቀ ባመቱ፣ ጭቃው ጎማ ሲውጥ፣
ሮስ ወንዝን ተሻግሬ ቴርኒውካ ገባሁ ልቆራርጥ
የጌቶችን ሁዳድ፤
ላራሹ ላካፍል፣ በአንዲት አሮጌ ገመድ።

አፈሩን አየሁት። ከዋልካም የጠቆረ፣
ጨብጬ ብለቀው በመዳፌ መስመር የቀረ፤
ዝናብ ሲያርፍበት እንደ ሞላ ጋን የሚተነፍስ፣
ዱላ ቢተክሉበት ባመቱ ቅጠል የሚለብስ።
በመካከሉ ጉብታ፤
ሳር ለብሶ የተኛ፣ እንደ በሬ ጀርባ፣
ማረሻ የሚዞረው፣ ማንም የማይገባ።

ሽማግሌው ኦኒሲም፣ ዕርፉን እንደያዘ፣
"ይኼ ምንድን ነው?" ብለው ፈገግ ብሎ ተከዘ።
ከኪሱ ገል አወጣ፣
ቀይ ሸክላ፣ ጠመዝማዛ መስመር የዞረበት፣
የሠሪዋ አውራ ጣት ሳይደርቅ ያረፈበት።
"ስሟን አላውቀውም፤ ቋንቋዋንም እንዲሁ፤
ስንዴ ግን ዘርታለች፣ የፍሬውን ቅርጽ በጭቃው አየሁ።
ከእሷ በኋላ ፈረሰኞች መጡ፣ ወርቅ ለባሽ ቀስተኞች፤
ሙታቸውን ቀብረው፣ ጉብታ ቆልለው፣ ሄዱ እንደ እንግዶች።
አያቴ ከነቀንበሩ ተሸጠ። አባቴ ነጻ ወጣ፤
መሬቱ ግን አልወጣም።"

መምህሩ ሴቬሪን፣ መነጽሩ በክር የታሰረ፣
ማታ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ተናገረ፦
"የጥንት ነገዶች በአባት ስም አልኖሩም፤
የሜዳ ሰዎች፣ የደን ሰዎች፤ ከአፈር ሌላ አልጠሩም።
ከደን ሰዎች ዘንድ አንድ መስፍን ግብር ሊቀበል መጣ፤
ሰጡት። በልቶ ሳይጠግብ፣ መንገድ ላይ ሐሳቡን ለውጦ ተመልሶ ቢመጣ፣
ከደኑ ገባ እንጂ ከደኑ አልወጣ።
ከዚያ ወዲህ ጌታ በጌታ ተተካ፤
የጦሩ፣ የመስቀሉ፣ የብዕሩ፣ ሁሉም እኛን ለካ።
ኮሳኩ ሰይፉን ሰቅሎ ቢያርስ ነጻ ነኝ ብሎ፣
የልጅ ልጁ ጭሰኛ ሆነ፣ በሰው መዝገብ ውሎ።
እንግዲህ አገር ምንድን ነው? ሰይፍ አይደለም፤ ሰይፍ ያልፋል።
ዘንድሮ ዘርቶ ለከርሞ የሚያስብ ሰው፣ እሱ ነው ምሰሶው።
ቡቃያ የሚጠብቅ ነው አገር የሚጠብቅ።"
ይህን ሁሉ በደብተር ጽፎታል፤ አንባቢ አላገኘም።
(እኔ ግማሹን አንብቤ አንቀላፋሁ፤ አልዋሽም።)

በሦስተኛው ቀን፣ ችካል ስንተክል፣ የጌታው ልጅ መጣ፣
ኢግናሲ፣ ያለ ፈረስ፣ ያለ አለንጋ፣ ፀሐይ ሳትወጣ።
"አባቴ የያዘውን ውሰዱ፤ አርሼ የምበላውን ስጡኝ" አለ።
መንደሩ ተንጫጫ። "ደሙ ከእኛ አይደለ!"
"ጸሎቱ በሌላ ቋንቋ!" "አያቱ አያቴን ገርፏል!"
ሁሉም እውነት ነበር። ምን ይባላል?

ያኔ ኺምካ፣ ሁለት ልጅ ለጦርነት የገበረች፣
ሰዉን በክርኗ ከፍላ መጣች።
"እጅህን" አለችው። ዘረጋ።
እንደ ገበያ ዕቃ አገላብጣ፣ በጥፍሯ ወጋ ወጋ
አደረገችው የመዳፉን ማሳ። ቁስል በቁስል ላይ ደርቋል፤
ዕርፍ የሚያርፍበት ቦታ ቀንድ መስሏል።
"ደሙን አላየሁትም፤ ቆዳውን ግን አውቀዋለሁ፤
የባሌም እንዲህ ነበር፣ በጨለማ ዳብሼ እለየዋለሁ።
ከጉብታው ጥግ ቁረጥለት።"

ቆረጥኩ።
አንዱ ምራቁን ተፋ፤ አንዱ ቆቡን አወለቀ።
ኦኒሲም ምንም አላለም፤ የገመዱን ጫፍ ያዘልኝ።

ጉብታው ቀረ። በማን ስም ልጻፈው?
ኦኒሲም አልፈለገም፤ ኢግናሲ አልደፈረም።
"ቀድመውን ያረሱት ይተኙበት" አለች ኺምካ።
ቁጥር አልሰጠሁትም።

ባመቱ ፈረሰኞች መጡ፣ እንደገና፣ በሌላ ባንዲራ።
ችካሉን ለማገዶ ነቀሉት፤ የሴቬሪን ደብተር ሆነ የሲጋራ
መጠቅለያ። ገጽ በገጽ አጨሱት፣ ምንም ሳይገባቸው።
ኢግናሲን ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።
ቀላዴንም ጉድባ ውስጥ ጥዬ ሸሸሁ።

መዝገቡ ግን አለኝ፤ አርባ ሁለት ስም፣ አርባ ሁለት ቁጥር፣
አንድ ባዶ መስመር።
አንዳንድ ሌሊት፣ መብራት አቅርቤ፣ እሱኑ አነባለሁ።